ዋንዛ፦ ከአንባቢያን ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ስለ ዋንዛ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዙብናል። አበባው ዓይን ስለሚስብ ነው መሰለን። ዘንድሮ ከመጡት ውስጥ ለሌላውም ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አጣምረን መልሰናል።

ባሕር ዳር አዲስ ቤት ሠርቼ ደጃፌ ላይ ዋንዛ ልተክል ነው። ጎረቤቴ ግን «ዋንዛ ለጣውላ እንጂ ለጌጥ አይተከልም» ይሉኛል። እውነት ነው? ደግሞስ ዋንዛ የኛ አገር ዛፍ ብቻ ነው ወይስ ሌላም ቦታ ይበቅላል? (ከባሕር ዳር)

ጎረቤትዎ ያዩት ጣውላውን ብቻ ነው። በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር የነበረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ የከተማው ቤት ሁሉ ዙሪያውን ሁለት ሦስት ዋንዛ እንደነበረው ጽፏል። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ዛፎቹ ሲያብቡም ጎንደር ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ወይም በረዶ የወረደበት ይመስል ነበር ይላል። ዋንዛ ደጃፍ ላይ መተከል የጀመረው በእርስዎ አይደለም።

በሳይንስ ስሙ ኮርዲያ አፍሪካና ይባላል፤ ስሙን በ1792 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ፈረንሳዊው ላማርክ ነው። ኮርዲያ የሚለው የወገን ስም የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ የዕፅዋትና የመድኃኒት ሊቅ የቫለሪየስ ኮርዱስ መታሰቢያ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ላይ ኮርዲያ አቢሲኒካ ተብሎ ቢያገኙት ሌላ ዛፍ እንዳይመስልዎት፣ ያው ዋንዛ ነው። በኦሮምኛ ዋዴሳ፣ በትግርኛ አውሒ ይሉታል።

ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 15 ሜትር ነው፤ እርጥብ ደን ውስጥ ከዚያም ይበልጣል። አናቱ ክብና ሰፊ ነው። ግንዱ ግን ለብቻው ሜዳ ላይ ሲያድግ ቶሎ ቅርንጫፍ ያወጣና ይጎብጣል። ቅርፊቱ በልጅነቱ ለስላሳና ግራጫማ ነው፣ ሲያረጅ ቡናማ ሆኖ ቁልቁል ይሰነጣጠቃል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ የወጣት ዛፍ ቅጠል ከአዋቂ መዳፍ ሊበልጥ ይችላል። ከላይ ሲዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል፣ ከሥር ደግሞ ደም ሥሮቹ ጎልተው በቡናማ ጸጉር ተሸፍነዋል።

አበባውን ግን ከዛፉ ሥር አንዱን አንሥተው በቅርብ ይመልከቱት። ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቅርጹ ትንሽ መለከት ይመስላል፣ ጠርዙም ተጨማዶ እንደተዘረጋ ስስ ወረቀት የተሸበሸበ ነው። የአበባው ቅጠሎች የተለያዩ አይደሉም፣ ከሥራቸው ተጣብቀው አንድ ቱቦ ሆነዋል። ቱቦው የተቀመጠበት ጽዋ ቡናማ፣ ጸጉራምና ቁልቁል የተሸነተረ ነው። መሐል ላይ የቆመችውን ሴቴ ዘንግ በማጉያ መነጽር ቢያዩዋት ጫፏ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ እያንዳንዱ እንደገና ለሁለት ተከፍሎ አራት ምላስ ሆኗል። የኮርዲያ ወገን መታወቂያው ይህ ነው፤ ቅጠሉን አይቶ የሚጠራጠር ሰው ይህን አይቶ አይጠራጠርም።

መገኛውን በተመለከተ፣ ዋንዛ የአፍሪካ ዛፍ ነው ማለት ይቀላል። ከምዕራብ አፍሪካ ከጊኒ ተነሥቶ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ፣ ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ አንጎላን፣ ዚምባብዌንና የደቡብ አፍሪካን ሰሜናዊ ክፍል ይነካል። ቀይ ባሕርንም ተሻግሯል፤ የመንና ደቡብ ምዕራብ ሳዑዲ ዐረቢያ ተራሮች ላይ ይገኛል፣ የመን ውስጥም እንደኛ የቡና ጥላ ነው። እኛ አገር ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 2,600 ሜትር ድረስ፣ በዓመት ከ700 እስከ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ቦታ ይበቅላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስላለች ለዋንዛ ልክ ናት። ይትከሉ።

አንኮበር መንገድ ላይ፣ በግምት 2,900 ሜትር ከፍታ፣ ጥቅምት ውስጥ ነጭ አበባ ያለበሰው ሰፊ ቅጠል ዛፍ አየሁ። አብሮኝ የነበረው ሰው ዋንዛ ነው አለ። እናንተ ዋንዛ ከ2,600 ሜትር በላይ አይወጣም ትላላችሁ። (ከደብረ ብርሃን)

ያዩት ወልከፋ ሳይሆን አይቀርም። ወልከፋ ከዋንዛ ጋር ዝምድና የለውም፤ ግን ከሩቅ በጣም ያሳስታል። ነጭ አበባውም፣ ሻካራ ሰፊ ቅጠሉም፣ የሚያብብበት ወቅትም ይቀራረባል። ወልከፋ ደጋ ወዳድ ነው፣ 3,000 ሜትር ላይ እንኳ ደልቶት ይኖራል።

ለመለየት አንድ አበባ ይቅደዱ። የወልከፋ አምስት ቅጠለ አበባዎች አንድ በአንድ ይነቀላሉ፣ እያንዳንዳቸውም ወደ አንድ ጎን ያዘመሙ ናቸው። የዋንዛው ግን ከሥሩ ተያይዞ እንደ ቀሚስ ሙሉውን ይወልቃል። አበባ ካለፈ በኋላም ችግር የለም። የወልከፋ ፍሬ በደረቀ ቡናማ አበባ የተጠቀለለች ጸጉራም ትንሽ እንክብል ናት፤ ሲጨምቋት ምንም አይወጣትም። የዋንዛ ፍሬ ደግሞ ሲበስል ቢጫ ይሆናል፣ ሲጨምቁት እንደ ሙጫ ይዝለገለጋል። ቅጠሉን ከያዙ የወልከፋው ደም ሥሮች ከእንብርቱ እንደ መዳፍ ጣቶች ሲበተኑ፣ ጠርዙም ጥርሳም መሆኑን ያያሉ።

ብሳናንም ከዋንዛ ጋር የሚያምታቱ አሉ። ብሳና አበባው በረጅም ዘንግ ላይ እንደ ጭራ የተደረደረ ጥቃቅን ነው፣ የቅጠሉ ሥር ብርማ ነው፣ ሊረግፉ ያሉት ቅጠሎችም ብርቱካንማ ይሆናሉ። ይህን አንዴ ያየ ሰው ዳግም አይሳሳትም።

ሁለት ዓመት ሙሉ የዋንዛ ፍሬ ለቅሜ ዘራሁ። የመጀመሪያው ዓመት አንድም አልበቀለም። በሁለተኛው ከ200 ዘር 11 ችግኝ ብቻ አገኘሁ፣ ከነዚህም ስድስቱ አንገታቸው ጠቁሮ ወደቁ። ምን አጥፍቼ ነው? (ከጅማ)

ለዋንዛ ዘር አለመብቀል ምክንያቱ አንድ አይደለም፣ ግን አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው ገና ሲለቀም ነው። አረንጓዴውን ፍሬ ከዛፍ መቁረጥ ዋጋ የለውም፣ ውስጡ ገና አልሞላም። ቢጫ ሆኖ ለስልሶ የወረደውን ይልቀሙ። እንደ ቦታው ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ይገኛል። መሬት ላይ ሳምንት የተኛውን ግን ይተዉት፤ ትል ገብቶበታል።

ከለቀሙ በኋላ ፍሬውን ከነሥጋው ከረጢት ውስጥ አያቆዩት። ዝልግልጉ ሥጋ ይፈላል፣ ሻጋታ ያወጣል፣ ጉንዳን ይጠራል፤ የመጀመሪያው ዓመት ዘርዎ ያለቀው በዚህ ይመስለናል። ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ጠዋት በእጅ እያሹ ይጭመቁት። ዝልግልጉ በቀላሉ አይለቅም፣ ስለዚህ አንድ እፍኝ ደረቅ አሸዋ ጨምረው በወንፊት ላይ ያሹት፣ ውሃውን ሦስት አራት ጊዜ ይለውጡ። በመጨረሻው ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ባዶ ስለሆነ ይድፉት። የሰመጠውን ጥላ ሥር፣ ወንፊት ወይም ሰሌን ላይ በስሱ አስጥተው ያድርቁት። ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ማስጣት ዘሩን ይቀቅለዋል።

ከመዝራትዎ በፊት ናሙና ይሞክሩ። ከደረቁት ውስጥ አሥር ጠንካራ ፍሬዎች ወስደው በጉጠት ይሰንጥቁ። ውስጡ ነጭ፣ ሙሉና ቅባት ያለው ከሆነ ሕያው ነው። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ዱቄት የሞላበት ከሆነ ሞቷል። ላዩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ክብ ቀዳዳ ያለበትን ደግሞ ነፍሳት በልተውታል። ከአሥር ስድስት ደህና ካገኙ ዘሩ ይበቃል፤ ሦስት ብቻ ካገኙ ሌላ ዛፍ ይፈልጉ።

አፈሩን ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ አድርገው ያዋሕዱና ይንፉት። ዘሩን ከራሱ ውፍረት ብዙ ሳያልፉ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይቅበሩት፣ በላዩ ስስ ሣር ያልብሱት። ውሃ ጠዋትና ማታ በጥሩ ወንፊት። ከዚያ ትዕግሥት ነው፤ አንዳንዱ በአራት ሳምንት፣ አንዳንዱ በስምንት ሳምንት ይወጣል፣ በአንድ ቀን አይበቅልም። መደቡን በወር ውስጥ «ሞቷል» ብለው የሚገለብጡ ብዙ ናቸው። ሲበቅል ያውቁታል፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች በዘሩ ውስጥ እንደ ማራገቢያ ተጣጥፈው ስለሚያድሩ ሲዘረጉ ሽብሽባቸው ገና ይታያል።

አንገታቸው ጠቁሮ የወደቁት በውሃ ብዛት ከሚመጣ ፈንገስ ነው። ችግኙ ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ የማታውን ውሃ ያቁሙ፣ ጥላውን ያሳሱ፣ በመደቡ ላይ ተጨናንቀው ከቆሙ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ያዛውሯቸው። በየሁለት ሳምንቱ ከረጢቶቹን ከቦታቸው ያንቀሳቅሱ፤ ካልተንቀሳቀሱ ሥሩ ከከረጢቱ ወጥቶ መሬት ይይዝና በተከላ ቀን ይበጠሳል። የመጨረሻው ወር ላይ ጥላው ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ፣ ውሃው ቀንሶ ፀሐይ ይልመድ።

ቀላሉን መንገድ ከፈለጉ ደግሞ ሐምሌ ላይ ከትልቅ ዋንዛ ሥር ይሂዱ። ራሳቸው የበቀሉ፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ችግኞች ይኖራሉ። በማንኪያ አፋፍ ከነአፈራቸው ያንሡ፣ ቅጠላቸውን በግማሽ ቆርጠው ወደ ከረጢት ያዛውሩ፣ ሦስት ሳምንት ጥላ ይስጧቸው። ለአንድ ግቢ አምስት ችግኝ ለሚፈልግ ሰው መደብ ማዘጋጀት ትርፍ ድካም ነው ብንል አናጋንንም።

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢዬ ጠባብ ነው፣ 250 ካሬ። ዋንዛ ቤቱን ይጎዳል? ያለፈው ዓመት የተከልኩትስ ለምን ጎበጠ? (ከቦሌ ቡልቡላ)

በሁለቱም ጥያቄ መልሱ ቦታ ነው። ቦሌና ቃሊቲ በኩል ከእንጦጦ ሥር ይልቅ ሞቃት ስለሆነ ዋንዛ ይለማመዳል። ጉለሌ ላይኛው ክፍልና እንጦጦ ተዳፋት ላይ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ የወጣት ችግኝን ጫፍ ያቃጥላል። ጫፉ በሞተ ቁጥር ከጎን ሌላ ቀንበጥ ይወጣል፣ ግንዱ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ከሦስት ዓመት በኋላ ዛፍ ሳይሆን ቁጥቋጦ ያገኛሉ።

ከቤት ግድግዳ ቢያንስ 6 ሜትር፣ ከሴፕቲክ ታንክና ከውሃ ቧንቧ 5 ሜትር ያርቁት። ይህን ርቀት የማይሰጥ ግቢ ካለዎት አንድ ዛፍ ይበቃዎታል፤ ወይም ጥግ ላይ ያድርጉትና አናቱን በየዓመቱ ይከርክሙ። ጎረቤት አጥር ላይ መለጠፍ ግን አይሁን፤ ቅጠሉ በጋ ላይ ረግፎ የሰው ጣራ አሸንዳ ይደፍናል፣ ጠቡም ይከተላል።

ጉድጓዱን ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ይቆፍሩ። የላይኛውን ጥቁር አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ይከምሩ። ሲተክሉ ጥቁሩን ከአንድ ባልዲ ኮምፖስት ጋር አዋሕደው ወደ ታች ይመልሱ። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ይቅደዱና ያውጡ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ከዓመት በኋላ የደረቁ ችግኞችን ነቅለን ስናይ ሥራቸው ፕላስቲክ ውስጥ ተጠቅልሎ የተገኘባቸው ጥቂት አይደሉም። የግንዱ አንገት ከመሬት እኩል ይሁን፤ አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች በሳምንት አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ በቀስታ ይስጡት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ችግኝ ሥሩን ወደ ታች አይልክም። በዙሪያው አንድ ሜትር ያህል አረሙን ያጽዱ፣ ደረቅ ሣር ያልብሱት፤ ሣሩ ግንዱን እንዳይነካ፣ ምስጥ በዚያ ይገባል። ፍየል ያለበት ሰፈር ከሆነ እሾህ ሳያጥሩ አይውጡ፤ በበጋ ዋንዛ ቅጠል ለከብትም ለፍየልም ጥሩ መኖ ነው፣ ችግኝና መኖ ደግሞ ፍየል አይለይም።

ስለ መጉበጡ፣ የጎበጠው የእርስዎ ዛፍ ብቻ አይደለም በማለት እናጽናናዎት። ዋንዛ ብርሃን ይወዳል፤ በአንድ ጎን ግድግዳ ካለ ወደ ሌላው ይንጋደዳል። በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ቅጠሉ ሲሳሳ መግረዝ ይጀምሩ። ለሁለት የተከፈለ ጫፍ ካለ ቀጥ ያለውን ይተዉ፣ ሌላውን ይቁረጡ። ከቁመቱ የታችኛውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ያራቁቱ፣ ከዚያ በላይ ከገረዙት ግንዱ ይቀጥናል፣ በነፋስም ይሰበራል። ከአውራ ጣት የቀጠኑ ቅርንጫፎች በአንድ ምት ይቆረጣሉ። የወፈረውን ግን መጀመሪያ ከታች በኩል በመጋዝ ትንሽ ያቁስሉ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለው ከላይ ይቁረጡት፣ የቀረውን ጉቶ በመጨረሻ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት እብጠት ውጭ ያስተካክሉ። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይላጣል። ዘንግ ካቆሙለት በሰፊ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሰሩት፤ ሽቦ በስድስት ወር ውስጥ አንገቱን ይቆርጠዋል።

በመልካም አፈርና እርጥበት ዋንዛ በሰባት ዓመት 7 እና 8 ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ከዚያ ዝግ ይላል።

ሂዩስተን ውስጥ በአንድ መናፈሻ ነጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ሻካራ ትንሽ ዛፍ አየሁና ዋንዛ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ሊሆን ይችላል? ካልሆነስ ከአገር ቤት ዘር አስመጥቼ ጓሮዬ ልተክል እችላለሁ? (ከቴክሳስ)

ያዩት የዋንዛ የአክስት ልጅ ነው። ኮርዲያ ቦይሲየሪ ይባላል፣ ሜክሲኮዎች አናካዊታ ይሉታል፤ የኑዌቮ ሌዮን ግዛት መለያ አበባም እሱ ነው። የትውልድ ቦታው ደቡብ ቴክሳስና ሰሜን ምሥራቅ ሜክሲኮ ነው። ከዋንዛ ያጥራል፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እና 7 ሜትር አይበልጥም። አበባው ከዋንዛው ይተልቃል፣ ጉሮሮውም ቢጫ ነው። የሚያብበውም በአንድ ወቅት ብቻ ሳይሆን በተለይ ከፀደይ ጀምሮ ዓመቱን በተደጋጋሚ ነው። ፍሬው ወይራ የመሰለ፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የዋንዛን ፍሬ እንደምንበላው ይህንን ጥሬውን መብላት አይመከርም፣ ልጆች ካሉ ይንገሯቸው።

ስለ ዘር ማስመጣቱ፦ ዘር በሻንጣ ይዞ መግባት ያለ ፈቃድ ወይም ያለ ዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ አይፈቀድም፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወሰድብዎታል። በሕጋዊ መንገድ ቢያገኙት እንኳ ዋንዛ ውርጭ አይችልም። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. ሂዩስተንን የመታውን ብርድ አናካዊታው ራሱ፣ ያገሩ ልጅ ሆኖ፣ በብዙ ቦታ እስከ ሥሩ ደርቆ ነው ያሳለፈው። ዋንዛን ከፈለጉ በትልቅ ማሰሮ ይተክሉትና ከኅዳር እስከ መጋቢት ወደ ቤት ያስገቡት፤ ለአበባ ግን አይጠብቁት። የኛ ምክር ጓሮዎ ላይ አናካዊታውን እንዲተክሉ ነው።

በይርጋ ጨፌ ቡናዬ ላይ ዋንዛ ብቻ ጥላ ማድረግ ይበቃል? በምን ያህል ርቀት? (ከጌዴኦ ዞን)

ብቻውን አይመከርም። ዋንዛ በበጋው መካከል ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ቡናዎ ጥላ በሚፈልግበት ጊዜ ራቁቱን ይቆማል። ደግሞም እንደ ሰሳና ብርብራ ናይትሮጅን ለአፈሩ አይጨምርም። ጥሩነቱ የወደቀው ቅጠል ብዙና ቶሎ የሚበሰብስ መሆኑ ነው፣ ጣውላውና ማሩም ትርፍ ናቸው። ስለዚህ ዋናውን ጥላ ብርብራና ሰሳ ይያዙት፣ ዋንዛን በመካከላቸው ጣል ጣል ያድርጉት። መጀመሪያ በ8 ሜትር ርቀት ይትከሉ፣ በሄክታር 156 ዛፍ ይሆናል። አናታቸው ሲነካካ የጎበጡትንና የታመሙትን እያወጡ በግማሽ ያሳሱ። ተጠጋግተው ሲያድጉ ግንዳቸው ቀጥ ይላል፣ ኋላ የሚቀሩት ለጣውላ የሚሆኑ ይሆናሉ። ቡናው ላይ የሚወድቅ ቅርንጫፍ እንዳይሰብር የሚቆረጠው ቡናው ከተለቀመ በኋላ ነው።

ለንብ ጥሩ ነው ይባላል። ቀፎዬን ዛፉ ሥር ላስቀምጥ? (ከዳንግላ)

ጥሩ ነው፤ ወለላም ጽጌ ዱቄትም ይሰጣል። ዛፉ ላይ ይስቀሉ ወይም አጠገቡ ያስቀምጡ፣ ግን ልክ ሥሩ አይሁን። አበባውና ቅጠሉ ረግፎ የቀፎውን አፍ ይዘጋል፣ ከሥር እርጥበት ይይዛል። ከ10 እስከ 20 ሜትር ራቅ ማለት ይሻላል። አበባ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቀፎው ጠንካራ መሆኑን ይመልከቱ፤ ደካማ ቀፎ አበባው ሲያልፍ ነው የሚነቃው።

አባቴ የተከሉት ዋንዛ 40 ዓመት ሆኖታል። ለበርና ለመስኮት ልቁረጠው? ዋንዛ መቁረጥ ክልክል ነው የሚሉኝ አሉ። (ከደብረ ማርቆስ)

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጽድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መካከል አስቀምጦት ነበር። አባትዎ በግል ይዞታቸው የተከሉት ከዚህ የተለየ ነው፣ ግን የተሰነጠቀ ጣውላ መንገድ ላይ ማረጋገጫ ይጠየቅበታል። መጋዝ ከመያዝዎ በፊት የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄደው የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ።

የሚቆርጡት ከሆነ በበጋ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ ይሁን። ጉቶውን ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ውሃ እንዳይጠራቀምበት አዘንብለው ይቁረጡት፤ ያቆጠቁጣል። ዓመት ሲሆነው ጠንካራውን አንድ ወይም ሁለት ቀንበጥ ይተዉና ሌላውን ያጽዱ። ግንዱን ወዲያው ያስሰንጥቁት፤ በድፍኑ ፀሐይ ላይ ከተኛ ጫፉ ይሰነጠቃል። ጣውላውን ጥላ ሥር፣ በየመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው በትሮች እያስገቡ ይከምሩት፣ ጫፎቹን በቀለም ይቀቡ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እንደ አየሩ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። ሮዝማ ቡናማው የመሐል እንጨት ለበርም ለወንበርም ይሆናል፣ ምስጥም ደህና ይቋቋማል። ዳር ላይ ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን ነቀዝ ይወደዋል፤ አናጢው «ይሆናል» ቢልዎትም ለበር ክፈፍ አይፍቀዱለት።

ልጆቼ የዋንዛ ፍሬ ይበላሉ። ይጎዳቸዋል? ፍሬውስ መኪናዬ ላይ ተለጥፎ አልለቅ ብሎኛል። (ከሐዋሳ)

የበሰለውን ቢጫ ፍሬ መብላት የቆየ ነው፣ ጣፋጭ ነው፣ አይጎዳም። ብቻ የውስጡን ጠንካራ ፍሬ እንዳይውጡ፣ ታዳጊ ሕፃንም ብቻውን እንዳይበላ፤ ይንሸራተትና ሊያንቅ ይችላል። መኪናው ላይ የተለጠፈውን በጣትዎ አይፈቅፍቁት፣ የመሐሉ ጠንካራ ፍሬ ቀለሙን ይጭረዋል። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ያኑሩበት፣ ሙጫው ሲላላ በሳሙና ውሃ ያንሡት። ጥርና የካቲት ላይ ደግሞ መኪናውን ሌላ ቦታ ያቁሙ።